በቤቴ በር ያለፈ ወሬ

አዳማ፣ የካቲት ፲፫ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁት ለወንድሜ ለአብዱልመናን ይመር፣ ድሬዳዋ።

አቶ ነገሪ፣ ከጣቢያው ፊት ግራር ሥር ተቀምጦ ለሰው ደብዳቤ የሚጽፈው፣ እንደ ወጉ «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን» ብዬ እንድጀምር ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጠበቀኝ። እንዳትጽፋት አልኩት። «ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አለ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ዛሬ አለ፣ አንተ ዝም ብለህ እኔ የምልህን ጻፍ አልኩት። ስለዚህ አብዱ፣ እንዴት ሰነበትህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደኅና ነንም አልልህም። አፌ ላይ ያለውን እንዳለ ነው የማስጽፍልህ፤ የሚቆረቁርህ ነገር ካለበት ይቆርቁርህ።

መጀመሪያ ይህን ስማ። አባባ እኔ ቤት ናቸው። አዎ፣ በኑሬ ጣሪያ ሥር፣ በአማቻቸው ቤት። ይህን ስታነብ ከመቀመጫህ ተነሥተህ «ነውር ነው! ወንድ ልጅ እያላቸው!» ብለህ እንደምትጮህ አውቃለሁ። ጩኽ። እዚያ ድሬዳዋ የሚሰማህ ሰው ካለ ጩኽ። ነውሩ የማን እንደሆነ ግን ደብዳቤው ሲያልቅ አንተው ትፈርዳለህ።

አልክድም፣ አባባ ጉልበታቸው ሲከዳቸው «በአማች ቤት አላረጅም» ያሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ለመንኳቸው፣ ኑሬም ጉልበታቸውን ስሞ ለመናቸው፣ እምቢ አሉ። አንተም ያን ጊዜ መጥተህ፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ፣ ነገሩን በአንድ ምላስ ጨረስኸው። አዋሽ ማዶ ፍል ውኃው አጠገብ ጆቴ የሚባል ሰው አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን በግቢው እየተቀበለ ይጦራል፤ ሚስቱ ቡዜ ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ ውኃውም ለአጥንት መድኃኒት ነው አልህ። እውነትም ነው። አባባ ወደዱት። ከእኩዮቻቸው ጋር ገበጣ እየተጫወቱ፣ በሲራራ ዘመናቸው ያዩትን እያወሩ መዋል ለእሳቸው ጀነት ነበር። እኔም በየሳምንቱ በበቅሎ እየሄድኩ ልብሳቸውን አጥቤ፣ ጥፍራቸውን ቆርጬ፣ ጢማቸውን ቀብቼ እመለስ ነበር። እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር አላለውም።

ቅር የሚያሰኘው ስትመለስ ለጆቴ የነገርኸው ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ የነገሩ ክፋት ግን ያኔ አልገባኝም። «የአባቴ ነገር ቢኖር፣ ቢታመሙም ቢሻላቸውም፣ የምትነግረው ለእኔ ነው፤ ወንድ ልጃቸው እኔ ነኝ» አልኸው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። አንተ ያለኸው ባቡሩ አዋሽ አድሮ በማግስቱ በሚደርስበት አገር ነው። እኔ ያለሁት በበቅሎ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። ግን አንተ ሱሪ ታጥቀሃል፤ እኔ አልታጠቅሁም!

ከዚያ እኔ ከበድኩ፤ በበቅሎ መሄድ አቃተኝ። መጨረሻ የሄድኩ ቀን አባባ ሆዴን አይተው እጄን ያዙኝ። እናታችን አንተን ወልዳ እንደሞተች ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ አባባ ምጥ የሚባል ነገር ሲሰሙ ተነሥተው ከሰፈር እንደሚወጡም ታውቃለህ። «ስትገላገዪ በዚያው ቀን ሰው ላኪብኝ። በዚያው ቀን!» አሉኝ። ወላሂ እልካለሁ አልኳቸው። ደግሞም ላክሁ። በጥቅምት ሳፊያን የወለድኩ ዕለት፣ ገና እንብርቷ ሳይደርቅ፣ የኑሬ ዘመድ በበቅሎ ሄዶ «ሴት ልጅ ወልዳለች፣ እሷም ልጇም ደኅና ናቸው» ብሎ ለጆቴ ነግሮ ተመለሰ። እኔም አባባ ሰምተዋል፣ ደስ ብሏቸዋል ብዬ እፎይ አልኩ።

አርባዬ ሲወጣ ልጄን አዝዬ ልሄድ ስሰናዳ ያንተ ደብዳቤ መጣ። «ቆላው ውስጥ ወባ ገብቷል ይላሉ፣ ሕፃን ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ እስክትጠነክር ታገሺ፣ አባባ ደኅና ናቸው» ይላል። ኑሬ ነው ያነበበልኝ። እኔ ሞኟ ወንድሜ ለልጄ አሰበልኝ ብዬ አለቀስኩ። አላለቅስም ነበር፣ ባውቅ። ከዚያ በኋላ ጭኮውን፣ ተምሩን፣ ማሩን በሰው እየላክሁ፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ «ይኸው አባባ በሉ» እያልኩ ለጎረቤት ሳሳይ ከረምኩ። የጆቴ ግቢ እንግዳ ሁሉ ጭኮዬን ሲበላ ከርሟል፤ በልተው ይሙቱ ልል ነበር፣ አቶ ነገሪ እርግማን አልጽፍም አለኝ። ይሁን፣ በልተው ይደጉ።

ነገሩ የወጣው በጥር ነው። ባቡር ላይ የሚሠራውን ጂብሪልን ታውቀዋለህ፤ ወሬህን ሁሉ የሚያመላልስልህ እሱ አይደል። ሱቃችን ደጅ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔ ሳፊያን ሳጠባ፣ እንደ ደኅና ሰው «እህቴ መሪማ፣ አላህ ያሽርልሽ። አንደበታቸው ትንሽ ተፈታ ወይስ እንዳለ ነው?» አለኝ።

«የማን አንደበት?» አልኩት።

ሻዩ ትን አለው። ስኒውን አስቀምጦ «ባቡሩ ሊነሣ ነው» አለኝ። ባቡሩ ገና ውኃ እየጠጣ ቆሟል! ልጄን ለኑሬ ወርውሬ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። ምን ያድርግ፣ ተናገረ። አባባ ከኅዳር ወዲያ በግራ ወገን እጅ እግራቸው እንደማይታዘዝላቸው፣ አፋቸው እንደተጣመመ፣ አንደበታቸው እንደተያዘ፣ ጆቴ ራሱ እዚህ አዳማ ጣቢያ መጥቶ እንደነገረው፣ እሱም ድሬዳዋ ሲደርስ በአፉ እንዳደረሰልህ፣ አንተም «ለመሪማ እንዳይነገር፣ አራስ ናት፣ ብትደነግጥ ወተቷ ይደርቃል» ብለህ እንደመለስኸው። «እኔማ አርባሽ ከወጣ ወዲያ ነግረውሻል ብዬ ነው» አለኝ። ማን ይፈርድበታል? የባቡር ሠራተኛ የሚያውቀውን፣ ድሬዳዋ የሚያውቀውን፣ ምናልባት ጅቡቲም የሚያውቀውን ነገር እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ያለች ልጃቸው አታውቅም ብሎ ማን ያስባል!

ወተቴ አልደረቀም አብዱ። ይኸው ድምፄ ነው የደረቀው፣ ስጮህ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ኑሬ በቅሎ ጭኖ፣ እኔ ሳፊያን አዝዬ ተነሣን። ጆቴ ከበሩ ላይ ሲያየኝ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ!» ብሎ እንደ አባት እጁን ዘርግቶ መጣ። ልጄ እያለ! እጁን ገፋሁት።

«ልጅህ አይደለሁም። አባቴን ምን አደረግሃቸው?»

«እኔ ምንም አላደረግኋቸው። እሳቸውን አላህ ነው የነካቸው። አጥበናል፣ አጉርሰናል፣ አገላብጠናል። ለባለ ነገሩም በጊዜው ነግሬያለሁ።»

«ባለ ነገሩ ማን ነው?»

«ያስቀመጣቸው ነዋ! ወንድምሽ።»

«እኔስ ከእንጨት ተፈለፈልኩ?»

«አንቺ ሴት ነሽ፣ አራስም ነሽ። ለአራስ ክፉ የሚናገር ሰው አለ? እኔማ ለአንቺ ብዬ፣ ወደ ጂብሪል ስሄድ እንዳታዪኝና ልብሽ እንዳይጠረጥር፣ በቤትሽ ኋላ ዞሬ በፉርጎዎቹ መሐል ነው ያለፍኩት» አለኝ።

እንደ ውለታ ነው የሚነግረኝ! የአባቴን ወሬ ይዞ በቤቴ ጓሮ ተሽሎክልኮ ማለፉን ምስጋና ሊቀበልበት! ኑሬ ባይዘኝ ኖሮ ያን ሽበቱን አልፈራለትም ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ጆቴ ክፉ ሰው አይደለም። ያዘዝኸውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ቁጣዬን ሁሉ እሱ ላይ አልጨረስኩትም፤ ለአንተ አስቀርቼልሃለሁ።

አሁን ወደ አባባ ግባ። ጥግ ላይ፣ ጠፍር አልጋ ላይ ነበሩ። ጢማቸው እንደዚያ አድጎ አያውቅም። ሰላም ብዬ ስገባ ያዩኝ ፊቴን አይደለም፤ እግሬን ነው። እግሬን ትኩር ብለው አይተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዚያ በተጣመመ አፋቸው ቁርኣን ለመቅራት ታገሉ። ጅን መስዬአቸው ነበር አብዱ። ሰኮና እንዳለኝ ነበር የሚያዩት። አባባ እኔ ነኝ፣ መሪማ ነኝ ብል፣ ደኅነኛ እጃቸውን አንሥተው ሊያርቁኝ ይገፉኛል። ምን ላድርግ፣ ሳፊያን ደረታቸው ላይ አስቀመጥኳት። ልጅቱ ጢማቸውን ያዘችና ጎተተች። የዚያን ጊዜ እጃቸው ቀስ ብሎ መጥቶ ጭንቅላቷን ነካ፣ ከዚያ እኔን ፊቴን ነካ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ እዬዬ ብለው አለቀሱ። ኑሬ እንኳ፣ ያ ደረቅ ሰው፣ ወደ ውጭ ወጣ።

ለምን ጅን መሰልኳቸው? የነገረችኝ ቡዜ ናት። እጄን ይዛ ወደ ማጀት አስገባችኝና፣ ባሏ እንዳይሰማ ድምፅዋን ቀንሳ ነገረችኝ። አንተ ለጆቴ እኔ ሳልወልድ ሌላ ትእዛዝ ልከህበት ኖሯል። «መሪማ ብትወልድ አርባዋ ሳይሞላ ለአባባ እንዳትነግር። አራስ አርባዋ እስኪሞላ አንድ እግሯ መቃብር ነው። ተደስተው ኋላ ክፉ ቢሰሙ ይሞቱብናል» ብለህ። የላክሁትን የምሥራች ጆቴ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው!

አባባ ወሬን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ልወልድ የምችልበት ጊዜ ደረሰ፤ መሪማስ? አሉ። «ደኅና ናት» ተባሉ። ወለደች? «ደኅና ናት።» ታዲያ ለምን አትልክም? «ደኅና ናት፣ ትመጣለች።» አብዱ፣ አባባን ማን መሰሉህ? ወንድሙ የሞተበትን ነጋዴ ከጅማ እስከ አገሩ ድረስ «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» እያሉ፣ መንገዱን ሁሉ እያሳቁ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መርዶውን እስኪያረዱት ድረስ አንዲት ነገር ሳያስነቁ ያደረሱ ሰው አይደሉም? ይህን ስንት ጊዜ አጫውተውናል! መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ለሰው ያስተማሩት እሳቸው፣ «ደኅና ናት» እየተባሉ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ሲሰብርባቸው ምን ይበሉ? ገባቸው። እንደ እናቷ በወሊድ ሞታለች አሉ።

አንድ ቀን ጧት ሰግደው ሲጨርሱ ቡዜን ጠሯትና «ልጄ፣ አትፍሪ፣ ሰምቼዋለሁ። የት ቀበራችኋት?» አሏት። ቡዜ ምን ትበል? ባሏ አስምሏታል። «አባቴ፣ ደኅና ናት እኮ» አለች፤ ግን እንባዋ መጣ። ያቺ እንባ ጨረሰቻቸው። «እሺ፣ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አሏት። ገበጣ አልተጫወቱም፣ ምሳም አልበሉም። ከሰዓት በኋላ ከግቢው ግራር ሥር ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። ኋላ አርባዬ ሲሞላ ወልዳለች ቢሏቸው ማን ይመን!

እንግዲህ አባባን የጣላቸው ሕመም አይደለም። አንተና ጆቴ፣ ለእሳቸው አዝናችሁ፣ ለእኔ አዝናችሁ፣ እኛን ከክፉ ወሬ ልትጠብቁ ብላችሁ፣ ሕያዋን ሆነን ሳለን አንዳችንን ለሌላችን ቀበራችሁን። ደስ ይበልህ። ጥሩ ጠባቂ ነህ።

ቃሬዛ አሠርተን ልንወስዳቸው ስንነሣ ጆቴ በሩ ላይ ቆመ። «ያስቀመጣቸው ሳይፈቅድ አልለቅም፣ አደራ ነው» አለ። ያስቀመጣቸው ከድሬዳዋ መጥቶ ይከልክለኝ፣ አልኩት። ሰዎቹ ተሸከሙ፣ ወንዙንም ተሻገርን። አባባ መንገዱን ሁሉ የሳፊያን እግር እንደያዙ መጡ፤ አማች ቤት ነው አላሉም። ነውር ነው የምትል አንተ ብቻ ቀረህ።

እስከዚህ ድረስ ያስጻፍኩልህ ልሰድብህ ነው። አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ አቶ ነገሪም ብዕሩን ቀረጸ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ቀዳደህ እንዳትጥለው፣ በእናታችን ይዤሃለሁ።

አባባ እኔ ቤት ከመጡ ወዲህ ይሻላቸው ጀመር። ግራ እጃቸው ገና አይነሣም፤ እግራቸው ግን ጣቱን ያንቀሳቅሳል። እኔ ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ በማንኪያ አጉርሻቸው አጥሚቱን ይውጣሉ። አንደበታቸውም ቀስ በቀስ ይፈታ ጀመር፤ መጀመሪያ «ውኃ» አሉ፣ ከዚያ «ሳፊያ» አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትራሳቸውን ሳስተካክል ዓይኔን ዓይኔን አይተው፣ በዚያ በተጣመመ አፋቸው፣ «አብዱስ?» አሉኝ።

በደስታ አበድኩ። ለአንተ ያለኝ ቂም ሁሉ ላንድ አፍታ ጠፋብኝ። «አብዱማ ደኅና ነው አባባ! ድሬዳዋ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይመጣል!» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። አብዱ፣ ያን አስተያየት አልረሳውም። ከዚያ ጋቢያቸውን በደኅነኛ እጃቸው ስበው ራሳቸውን ተከናነቡ። በማግስቱ አልጋው ላይ አልተኛም ብለው እያመለከቱ እምቢ አሉ፤ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈን አወረድናቸው። ለቀስተኛ አልጋ ላይ አይቀመጥማ! ያኔ ነው የገባኝ፤ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እኔ እውነቱን ነበር የነገርኳቸው። ግን የቀረኝ ቃል ምን ነበር? እናንተ እኔን የቀበራችሁበት ቃል ነው። ደኅና ነው፣ ይመጣል። ሌላ ምን ይባላል? በቁርኣን ማልኩላቸው፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ለቅሶ ሊያስታግሥ በቁርኣን የሚምል ብዙ አይተዋል። ያን የወባውን ደብዳቤህን አምጥቼ አሳየሁ፤ በጣታቸው ወደ አቶ ነገሪ ግራር አመለከቱ፤ ማንም ያስጽፈዋል ማለታቸው ነው። ጂብሪልን ጎትቼ አመጣሁት። «አባቴ፣ ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ፣ እንዲያውም ወፍሯል» አላቸው። አባባ እጁን መታ መታ አደረጉለት፣ አይዞህ ልጄ፣ ጥሩ ሰው ነህ እንደማለት። ጂብሪል እያለቀሰ ወጣ። አባባ ደግሞ ሲያለቅስ አዩት፤ እግዜር ያሳይህ!

አሁን ጎረቤቱ ግራ ገብቶታል። ሴቶቹ ጧት ጧት መጥተው ከአባባ ጋር መሬት ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ለእኔም ምግብ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ኧረ ወንድሜ አልሞተም ስላቸው «አዎ፣ አዎ እህቴ» ይሉኛል። በቤቴ ለቅሶ ተቀምጠውብኛል!

ከሁሉ የከፋውን ልንገርህ። ትናንት ጂብሪልን ለብቻው ጠርቼ «እውነቱን ንገረኝ፣ አብዱ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደኅና ነው፣ ስንቴ ልንገርሽ?» አለኝ። ያኔ ፊቱን አየሁት። አብዱ፣ እኔ ራሴ ፊቱን አየሁት። ዓይኑን ሰብሮብኝ እንደሆነ፣ እንባ አቅርሮ እንደሆነ ፈለግሁበት። በኅዳር ንዳድ ይዞህ እንደነበር ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዓይኔ አላየሁህም። እኔ፣ ስሰድብህ የምውለው፣ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን አቶ ነገሪ ቢጽፈውም ባይጽፈውም ግድ አልነበረኝም፤ ጽፎታል።

ስለዚህ ስንቅ አትላክ፤ ስንቅ በሙት ሰው ስምም ሊላክ ይችላል። ደብዳቤ አትጻፍ። በጂብሪልም «ሰላም በላት» አትበል። ራስህን አምጣ። በሁለት እግርህ ከባቡሩ ወርደህ፣ በደጄ ገብተህ፣ አባባ እግርህን ይዩት።

ሳፊያ የልደቷ እርድ፣ ዓቂቃዋ፣ ገና ነው፤ አያቷ ሳይኖሩ አላርድም ብዬ ያቆየሁት በግ ደጅ ታስሯል። ዛሬ ጧት አባባ በበሩ በኩል አዩትና በጣታቸው እያመለከቱ «ለአብዱ» አሉ። ለሙት የሚወጣውን ሰደቃህን ነው። ኑሬ ይቅር ብሎ ቢለምናቸውም እምቢ አሉ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይታረድ አሉ፤ ሼሁም ተጠርተዋል። የአባቴን ትእዛዝ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም፤ አንደበታቸውን ያገኙት በስንት መከራ ነው።

ይህን ደብዳቤ ጂብሪል በእጁ ይሰጥሃል። ረቡዕ ከድሬዳዋ ከተነሣህ፣ አዋሽ አድረህ፣ ሐሙስ ትደርሳለህ። አላህ መንገዱን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ስትመጣ የምልህን ሁሉ ለመስማት ጆሮህን ያበርታልህ። ገና አልታረቅንም።

በጉ አንድ ነው። ከመጣህ ለልጄ ይታረዳል፤ ካልመጣህ ለአንተ ነው።

እህትህ መሪማ ይመር